ከወተቱ በፊት

በየክረምቱ የሚደወልልኝ አንድ ዓይነት ስልክ አለ። «እናታቸው የሞተችባቸው ቡችሎች አገኘን። ምን ወተት እንስጣቸው?» ደዋዩ ብዙ ጊዜ ተጨንቋል። ከኋላው የቡችሎች ጩኸት ይሰማል። አንዳንዱ ጡጦ ገዝቶ፣ ወተቱን አሙቆ፣ አጠገቡ አስቀምጦ ነው የሚደውለው። እኔም ሁልጊዜ በጥያቄ ነው የምመልሰው። «ጣትዎን አፋቸው ውስጥ ሲያስገቡ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል?»

ይቀዘቅዛል ካሉኝ ወተቱ ይቆይ እላለሁ። አንዳንዱ ይከፋዋል። የተራበ ፍጥረት እያለቀሰ ወተት ይቆይ ማለት ጭካኔ ይመስላል። ግን ለእነዚህ ትንንሾች ሲባል ደጋግሜ መናገር የምፈልገው ይህንኑ ነው። አዲስ የተወለደ ቡችላ ከወተት በፊት ሙቀት ይፈልጋል። የሚያዝንላቸው ሰው ሞልቷል። የሚያልቁት ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የትልቅ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 ዲግሪ በላይ ነው። አዲስ የተወለደ ቡችላ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ያንንም የሚያገኘው ከእናቱ ሆድና ከወንድምና እህቶቹ ገላ ነው። እኛ ሲበርደን እንንቀጠቀጣለን፣ ትንሽ እንሞቃለን። እሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀጥቀጥ እንኳ አይችልም። ከቆዳው ሥር ያለው ስብም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚተኛበት ቦታ በመጀመሪያው ሳምንት 30 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። የአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት ደግሞ 10 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። መሃል ላይ ያለውን 20 ዲግሪ ቀን ከሌት የምትሞላው እናትየው ናት።

ሰውነቱ ከ35 በታች ሲወርድ አንጀቱ ሥራ ይፈታል። የመጥባት ፍላጎቱም ይጠፋል። በዚያ ሰዓት የሚሰጠው ወተት ወይ ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀመጣል፣ ወይ ወደ ሳንባው ይገባል።

እኔ ይህን በቅርብ ያየሁት በቡቺ ልጆች ነው።

ቡቺ የሰፈር ውሻ ነበረች። ጌታ የላትም፣ ግን ሁሉም ያውቃታል። ቀን ሱቁ በር ላይ ትተኛለች። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት። ነሐሴ ላይ፣ ግንባታው በቆመ አንድ ቤት ውስጥ፣ ከጣውላ ክምር ሥር ወለደች። ብዙም ሳይቆይ አስፋልት ስትሻገር መኪና ገጫት። ቢያንስ እንገሩን አጥብታቸው ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቡችላ በእናቱ ማኅፀን ሳለ የሚደርሰው የበሽታ መከላከያ በጣም ጥቂት ነው። አብዛኛውን የሚያገኘው በመጀመሪያው ቀን ከሚጠባው እንገር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ አንጀቱ ያንን መከላከያ እንዳለ ማሳለፍ ያቆማል።

የግቢያችን ጥበቃ ጋሼ በዝናብ ሄደው በፓስታ ካርቶን ይዘዋቸው መጡ። አምስት ናቸው። «ልጄ፣ እነዚህ እንኳ የሚተርፉ አይመስለኝም። ዝም ብለዋል» አሉኝ። እኔንም ያስደነገጠኝ ዝምታቸው ነው። የበረደው ቡችላ መጀመሪያ ይጮኻል። በጣም ሲቀዘቅዝ ግን ድምፁ ይጠፋል። ሰው ተኛ ብሎ ደስ ይለዋል። አንዷን አነሣኋት። እጄ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘረጋች። አፏ ውስጥ ያስገባሁት ጣት ቀዘቀዘኝ። ምላሷ አልተንቀሳቀሰም።

የእንስሳት ሐኪም የሆነ ወዳጅ አለኝ። ደወልኩለት። «ወተት እንዳታስቀምሻቸው። በደረቅ ፎጣ አሽተሽ አድርቂያቸውና ጉያሽ ውስጥ ክተቻቸው። ምድጃ አጠገብ እንዳታቀርቢያቸው» አለኝ። ፈጥኖ ማሞቅም እንደሚጎዳቸው ነገረኝ። ቆዳው በአንድ ጊዜ ሲሞቅ ደሙ ወደ ውጭ ይሸሽና ልባቸው ይደክማል። ከልብሴ ሥር፣ ደረቴ ላይ አስቀመጥኳቸው። ጋቢ ደረብኩ። ጋሼ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንዱ በጣም ቀጭን ድምፅ አሰማ። ከዚያ ሌላው። ጋሼ «እሰይ!» ብለው ተነሡ። ጣቴን መልሼ አፏ ውስጥ ሳስገባ ያቺ የመጀመሪያዋ ያዘችው፣ ሳበችው። ያኔ ነው ወተት ለማዘጋጀት የተነሣሁት። እስከዚያው ድዳቸውን በተበጠበጠ ግሉኮስ ቀባ ቀባ አደረግኳቸው። የቡችላ ጉበት የሚያከማቸው ስኳር ትንሽ ስለሆነ ሳይበላ ከቆየ ቶሎ ይዝላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሌሊት ሁሉ ያው ሙቀት መጠበቅ ነው። እኛ ቤት መፍትሔው ሃይላንድ ሆነ። ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ መሙላት፣ በጨርቅ መጠቅለል፣ ካርቶኑ ውስጥ በአንድ በኩል ብቻ ማስቀመጥ። በአንድ በኩል ብቻ የሚለው ቁም ነገር አለው። ቡችላው ዓይኑ ባይከፈትም በሆዱ እየተሳበ ወደ ሙቀት መጠጋት፣ ሲበዛበትም መሸሽ ይችላል። መሸሻ ካጣ ይቃጠላል። ሃይላንዱ ሲበርድ ደግሞ ቶሎ መውጣት አለበት። የቀዘቀዘ ውሃ ያለችውን ሙቀት መልሶ ይወስዳል። መብራት በጠፋ ሌሊት ፔርሙዝ ነው ያተረፈን። ሲመሽ በፈላ ውሃ ሞልተን እናስቀምጣለን። ክፍሉ ውስጥ ከሰል እናያይዝ ያለ ሰው ነበር። በተዘጋ ቤት ከሰል ሰውን ይገድላል፤ ቡችላን ምን ያደርገዋል?

አሁን ወደ ወተቱ።

የላም ወተት የውሻን ወተት አይተካም። የውሻ ወተት ፕሮቲኑም ስቡም ከላም ወተት በግምት እጥፍ ነው። ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ደግሞ በላም ወተት ይበዛል። ስለዚህ የላም ወተት ብቻ የሚጠጣ ቡችላ ሆዱ ሞልቶም ይከሳል፣ ያስቀምጠዋልም። እንዳይከብደው ብሎ በውሃ ማቅጠን ደግሞ ነገሩን ያብሳል። ለቡችላ ተብሎ የተሠራ የወተት ዱቄት አለ። ከተገኘ እሱን የሚያህል የለም። ግን እኛ አገር በፈለጉት ሰዓት አይገኝም፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ለክፉ ቀን ቤት ውስጥ የሚዘጋጀው 1 ኩባያ ያልቀጠነ ወተት፣ 2 የእንቁላል አስኳልና 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት ተመትቶ ነው። ነጩ አይገባም። ወተቱ ከጎረቤት ላም የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ይፈላል። ይህ ዱቄቱ እስኪገኝ ቀን መግፊያ ነው። ወር ሙሉ ማሳደጊያ አድርጎ መያዝ አይገባም።

መጠኑም ልክ አለው። የቡችላ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚችለው በየ100 ግራም ክብደቱ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። 300 ግራም የሚመዝን ከሆነ 12 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ትንሽ ስለሚይዝ ቶሎ ቶሎ ነው የሚጠባው። በመጀመሪያው ሳምንት በየሁለት፣ በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ። እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ይህን ብቻውን የሚችል ሰው ብዙ አይመስለኝም። እኛ ቤት ጋሼ እኩለ ሌሊት ላይ ተረኛ ነበሩ። በር እየጠበቁ ስሪንጅ ይሞላሉ።

አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቡችላ እንደ ሕፃን ልጅ በጀርባው ተንጋሎ አይጠባም። በሆዱ ተኝቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ በፊት እግሮቹ እየገፋ ነው የሚጠባው፤ የእናቱን ጡት እንደሚገፋው ማለት ነው። ጭን ላይ ፎጣ ይነጠፋል፣ እሱ ላይ በሆዱ ይቀመጣል። በጡጦ ከሆነ ራሱ እንዲስብ ይተዋል። መርፌው በተነቀለ ስሪንጅ ከሆነ ጠብታ በጠብታ፣ እስኪውጥ እየጠበቁ። ስሪንጁን ከገፉት ትን ይለዋል። ወተት በአፍንጫው ከመጣ ቁም ማለት ነው። ሳንባ ውስጥ የገባ ወተት የሳንባ ምች ያመጣል። ያ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ አይታለፍም። ጠጥቶ ሲጨርስ ትከሻ ላይ አድርጎ ማስገሳት ነው።

ከዚያ ጥጥ። ለሰው ስነግር የሚገረመው በዚህ ነው። አዲስ የተወለደ ቡችላ ራሱን ችሎ አይሸናም። እናቱ በምላሷ ሥሩን፣ የሚሸናበትን ቦታ፣ ስትልሰው ነው የሚወጣለት። ስለዚህ ካጠቡ በኋላ ጥጥ በሞቀ ውሃ ነክሮ ሥሩን ቀስ አድርጎ ማሸት የግድ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስሞክር ለአፍታ ምንም አልመጣም። ከዚያ ቡችላዋ ሰውነቷን አጠበቀች፣ ጅራቷ ቀጥ አለ፣ ጥጡ እጄ ላይ ሞቀ። ቀለሙን ማየት ጥሩ ነው። ውሃ የመሰለ ከሆነ ደህና ናት፣ ቢጫው ከጠቆረ ፈሳሽ አንሷታል። ይህ ሥራ ወደ ሦስተኛው ሳምንት ገደማ ይቆማል። ይህን ሳያውቁ በወተት ብቻ የሚንከባከቡ ደግ ሰዎች ብዙ ናቸው። ቡችላው ሆዱ ይነፋል፣ ያቃስታል፣ እነሱ ደግሞ ራበው ብለው ይጨምሩለታል።

የሚተርፉ መሆን አለመሆናቸውን በእርግጠኝነት የነገረኝ ሚዛን ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ይበቃል። ጤነኛ ቡችላ በየቀኑ ከተወለደበት ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ይጨምራል፤ በ10 ቀን ገደማ እጥፍ ይሆናል። ስለሚመሳሰሉ የእያንዳንዳቸውን አንድ ጥፍር በተለያየ የጥፍር ቀለም ቀባን። አንገታቸው ላይ ክር ማሰር አደጋ ነው፤ በየቀኑ ስለሚያድጉ ያንቃቸዋል። ባለ ቀይ ጥፍሩ ትንሹ ነበር። ይጠባል፣ ይሞቃል፣ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለት ቀን ቆመ። በሦስተኛው ቀነሰ። ሐኪሙ አይቶት አንዳንዱ ከውስጥ ጎድሎት ይወለዳል አለኝ። ሌሊቱን ጉያዬ ውስጥ አሳደርኩት። ሊነጋጋ ሲል ሞተ። ጋሼ ከግቢው ጥግ፣ ከኮባው ሥር ቀበሩት። ስንት ሰው «አንድ ቡችላ ሞተ ብለሽ ታለቅሻለሽ?» አለኝ። አዎ፣ አለቀስኩ።

በዚያው ሰሞን ከመንገዱ ማዶ ያለ አንድ ጋራዥ ውስጥ ውሻ መውለዷን ሰማን። በእኔ አስተያየት ሊደረግ ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠው ለሌላ አጥቢ እናት መስጠት ነው። ወተቷ አለ፣ ሙቀቷ አለ፣ ምላሷ አለ። በእጅ ማሳደግ ምንጊዜም ሁለተኛ ምርጫ ነው። ሦስት ልጆች ነበሯት። ጠባቂዋ ሁለት ብትወስድ አይከብዳትም አለ። የራሷ ልጆች የተኙበትን ጨርቅ ወስደን የእኛን ሁለቱን አሻሸናቸው፣ ሽታቸው እንዲቀላቀል። ከሥጋ ቤት ያመጣነውን ቁርጥራጭ ሰጥተናት እየበላች ሳለ ከልጆቿ መሃል አስገባናቸው። ቀና አለች። አሸተተቻቸው። ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን ቆመናል። አንዱን በአፍንጫዋ ገለበጠችውና ሥሩን ትልሰው ጀመር። ያ ጥጥ የነካከርኩለት ሥራ በአፍታ አለቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእሷ ምግብ ማመላለስ የእኛ ፈንታ ሆነ። አምስት ቡችላ ጡቷን የሚስብባት የጎዳና ውሻ ራሷ ካልበላች ከየት ታመጣለች?

ይህ የውሻ ዘመዶችም ያላቸው ነገር ነው። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በመንጋ ነው የሚያሳድገው። አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው የመንጋው አለቃ የሆነችው ሴት ናት። አንዳንዴ ግን ሌላዋ ሴት ያልወለደቻቸውን ግልገሎች ታጠባለች። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የጋራዧ ውሻ ያደረገችው ነገር አልገረመኝም። የበለጠ አከበርኳት እንጂ።

እኛ ጋ የቀሩት ሁለቱ ሴቶቹ ናቸው። የነበሩት ሰርቪስ ቤት ነው። እናቴ ዋናው ቤት ውሻ አይገባም ብላለች፣ አልገባም። እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ወጥ ቤት ድርሽ እንዳትሉ ትለናለች። ልክ ናት። ቡችሎች የሆድ ትል ከእናታቸው ማኅፀንና ወተት ይዘው ይመጣሉ። የትሉ እንቁላል ወደ ሰው፣ በተለይ አፈር ላይ ወደሚጫወቱ ልጆች ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ የትል መድኃኒት የሚጀመረው ገና በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል። መጠኑን ሐኪም በክብደታቸው ነው የሚያሰላው።

ዓይናቸው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይከፈታል። መጀመሪያ በአንድ ጥግ ስንጥቅ ብቻ ይታያል። በእጅ መክፈት ክልክል ነው። ጆሯቸው ትንሽ ዘግይቶ ይከፈታል። ያን ጊዜ ድስት ሲወድቅ መደንገጥ ይጀምራሉ። በሦስተኛው ሳምንት ጥርስ ብቅ ይላል፣ ወደ ሳህን መሄድ ይጀመራል። ወተት ውስጥ የራሰ ዳቦ፣ የተፈጨ የተቀቀለ ሥጋ፣ ትንሽ ትንሽ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለኢትዮጵያ ቤቶች አጥብቄ እናገራለሁ። የወጥ ትርፍራፊ አትስጧቸው። በርበሬው ቀላሉ ነገር ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል።

ሁለቱን እህትማማቾች ሳንለያይ ያቆየናቸው በምክንያት ነው። ቡችላ የንክሻውን ኃይል የሚማረው ከእኩዮቹ ጋር ሲጫወት ነው። አንዷ አጥብቃ ስትነክስ ሌላዋ ትጮኻለች፣ ጨዋታው ይቆማል። ብቻውን በእጅ ያደገ ቡችላ ይህ ይቀርበታል። ሰው መልመድም ጊዜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እስከ 14ኛው ሳምንት ከሰው ጋር ሳይገናኙ የቆዩ ቡችሎች ከዚያ በኋላ ሰው መቅረብ እጅግ ከብዷቸዋል። ስለዚህ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ የሰፈሩ ልጆች በየተራ እየመጡ እንዲያቅፏቸው ፈቀድን። ተቀምጠው፣ እጅ ታጥበው፣ ጋሼ እየተቆጣጠሩ።

ከዚያ የመስጠቱ ነገር መጣ። እውነቱን ልናገር፣ የሚያመኝ ይህ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ወንድ ነው?» ብሎ ነው። ሴት ውሻ ትወልዳለች ተብሎ አይፈልጓትም። በየቆሻሻው ገንዳና በየወንዙ ዳር በካርቶን ተጥለው የምናገኛቸው ቡችሎች ውስጥ ሴቶች የሚበዙት ለዚህ ይመስለኛል። ውሻ የምታረግዘው ለሁለት ወር ገደማ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። መውለዷ ካሳሰበ ማስመከን አለ። ገንዘብ ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። ሁለት ሦስት ጎረቤት ቢያዋጣ ግን ይቻላል። ለዕድር፣ ለዕቁብ የምናዋጣ ሰዎች ነን።

ቡችሎቹን የወሰዱትን ሰዎች ሁሉ ያስማማናቸው በሌላ ነገር ላይም ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰውን ከሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚመጣ ነው። የባሌን ቀይ ቀበሮዎችም በተደጋጋሚ የፈጀው ከውሾች የተላለፈው ይኸው በሽታ ነው። ክትባቱ በሦስተኛው ወር ይሰጣል፣ ከዚያም ይደገማል። ከዚያ በፊትም ቢሆን ያልታወቀ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ቁስሉ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም።

ጋራዥ ያደጉት ሁለቱ እዚያው ሰፈር ቤት አገኙ። ከሴቶቹ አንዷን ሱቅ ያላቸው ሴትዮ ወሰዷት፣ እናቷ ትተኛበት የነበረው በር ላይ ነው የምትውለው። ሁለተኛዋን የወፍጮ ቤቱ ጋሽዬ ጠየቁኝ። ወንድ መሆኗን አልጠየቁም፤ ሌሊት ትጮኻለች ወይ ብቻ ነው ያሉኝ። ባለፈው ሳምንት ደወሉ። «ሦስት ወሯን ልትደፍን ነው፣ ያልሽኝን ክትባት የት ነው የማስወጋት?» አሉኝ። የሐኪሙን ስልክ ሰጠኋቸው። ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ይዘዋት ሄዱ።